የጌታን ሥራ እምቢ ያልኩ መሰለኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 67 ነው፤ ባለቤቴ 70 ሞልቶታል። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እሱ ሆቴል ጥገና ክፍል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ረዳት ነርስ ሆነን ስንሠራ ኖረን ጡረታ ወጣን። ልጆቻችንን አስተምረን ድረናል፤ የቤታችንንም ዕዳ ጨርሰናል። ተመስገን ነው።

ባለቤቴ ጡረታ እንደወጣ ያገለገለ አርቪ ገዛ። አልጋ፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤት ያለው ትልቅ መኪና ነው። መጀመሪያ ስቄበት ነበር፤ በኋላ ወደድኩት። ከድሮ ሥራው የሚያውቃቸው አሜሪካውያን ባልና ሚስት አሉ። እነሱም ጡረተኞች ናቸው፤ በየዓመቱ በአርቪያቸው እየዞሩ የክርስቲያን ካምፖችን በነጻ ያገለግላሉ። ባለፈው ጸደይ ተከትለናቸው ቴኔሲ ወዳለ የልጆች ካምፕ ሄድን። ሦስት ሳምንት ቆየን። መኪናችንን የምናቆምበት ቦታ ከነውሃው ከነመብራቱ ሰጡን፤ እኛ ደግሞ በሳምንት አራት ቀን እንሠራለን። ጠዋት አብረን እንጸልያለን፤ ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን እንጫወታለን።

ባለቤቴን እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። የተሰበረ ተደራራቢ አልጋ ሲጠግን፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው የሚመስለው። እኔን ግን ኩሽና አስገቡኝ። ድንች ስልጥና ትሪ ሳጥብ ከረምኩ። አንድ ቀን ብቻ ቀለም የሚቀባ ሰው ጎደለና የካቢን በሮች ስቀባ ዋልኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል እንጂ ለጨዋታ አይበቃም፤ ማታ ማታ ቀልዱ እስኪገባኝ ሰው ስቆ ይጨርሳል። ቡና ልቆላ ስል የመኪናው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል። እንጀራ ልጋግር ምጣዱን ስሰካ መብራቱ ድርግም ይላል።

አሁን ነገሩ ከረረ። ባለቤቴ ቤታችንን ሸጠን ዓመቱን ሙሉ ከካምፕ ካምፕ እየዞርን እናገልግል አለኝ። “ጌታ በልቤ አኑሮታል” ይላል። ይባስ ብሎ እኔን ሳይጠይቀኝ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ቴክሳስ ያለ ካምፕ አብረናችሁ እንሄዳለን ብሎ ለጓደኞቻችን ቃል ሰጥቷል። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደግሞ ፌብሩዋሪ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። “እማዬ፣ ሂጂ፣ እኛ እንችላለን” አለችኝ። ድምፅዋ ግን ሌላ ነው የሚለው።

አልፈልግም ለማለት ፈራሁ። አንድ ቀን ብጀምረው “የጌታ ሥራ እኮ ነው” አለኝና ዝም አልኩ። ለፓስተራችን እንዳልነግር ባሌን የማሳጣው ይመስለኛል። እድሩ፣ ለቅሶው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ልጆቼ ሁሉ እዚህ ናቸው። ደግሞም ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ አሁን ደስ ያለው ሰው ላይ በር መዝጋት ይከብደኛል። የጌታን ሥራ እምቢ ያልኩ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ጓደኞቻችንንስ ምን እንበላቸው?

ግራ የገባኝ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ የልጅዎን ነገር ላንሳ፤ እሱ ላይ የምመዝነው የለኝምና። ፌብሩዋሪ ላይ መገኘት ያለብዎት ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት “እንችላለን” የምትለው እናቷን ላለማስጨነቅ ነው፤ ይህን ከድምፅዋ አውቀውታል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ እናቲቱን ማስተኛቱ እስከ ማርች አይጠብቅም። ካምፑ ግን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ቴክሳስ አለ። “ጃንዋሪን አብሬው ሠርቼ በአውሮፕላን እመለሳለሁ” የሚል ሐሳብ ቢመጣልዎም አልመክርዎትም። ሕፃን በቀጠሮ አይመጣም። ባለቤትዎ ካሰኛቸው ጃንዋሪ ላይ ለሦስት ሳምንት ብቻቸውን ሄደው ቢመለሱ ምንም ክፋት የለውም። በደስታው ብዛት አያት ሊሆኑ መሆኑን ዘንግተውት እንደሆነም አላውቅም፤ ያስታውሷቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የጌታን ሥራ እምቢ ያልኩ መሰለኝ ብለዋል። እኔ ከደብዳቤዎ ያነበብኩት ሌላ ነው። እርስዎ ቴኔሲ ሄደው አገልግለዋል። ትሪ አጥበዋል፣ ድንች ልጠዋል፣ ያልገባዎትን ቀልድ እየሰሙ እሳት ዳር አምሽተዋል። እምቢ ማለት የፈለጉት ቤት መሸጡን፣ ከልጅና ከወገን መራቁንና ሳይጠየቁ ቃል መገባቱን ነው። እነዚህ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚነጋገሩባቸው የቤት ጉዳዮች ናቸው። አንዱም አገልግሎትን መካድ አይደለም።

የባለቤትዎን እምነት አልጠራጠርም፤ “ጌታ በልቤ አኑሮታል” ሲሉ ከልባቸው ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ሲነገር ሌላው ሰው አፉን ይይዛል። መልስ መስጠት ከእግዚአብሔር ጋር መከራከር ይመስለዋላ! እርስዎንም ዝም ያሰኘዎት ይኸው ነው። እስቲ በእርጋታ እንዲህ ብለው ይጠይቋቸው፦ “ያንተን ልብ አምናለሁ። በእኔም ልብ እስኪያኖረው ትጠብቀኛለህ ወይ?” ይህ ሙግት አይደለም፤ የሚስት ጥያቄ ነው። ባለቤትዎ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው ከሆኑ፣ ነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ 3 ቁጥር 3 ላይ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ አብረው ይሄዳሉ ወይ ብሎ እንደጠየቀ ያውቁታል።

ደግሞ በእሳቸው በኩል እንቁም። ሆቴል ጥገና የሠራ ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው ሲጠራ ነው። እዚህ ክፍል ውሃው አይወርድም፣ እዚያ ፎቅ ማሞቂያው ቆመ። ጡረታ ሲወጣ ጥሪው ድንገት ጸጥ ይላል። ቤት ውስጥ ያለው የሚጠገን ነገር በአንድ ወር ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ያልተበላሸውን መፍታት ይጀምራል። (ይህን የምታውቁ ሚስቶች ብዙ ናችሁ።) ካምፕ ውስጥ ግን የሚበላሽ አያልቅም። በብርዱ ተዘግቶ የከረመ የውሃ መስመር ሲከፈት የፈነዳ ቧንቧ ይገኛል። ሰመር ሙሉ ልጆች የዘለሉበት አልጋ ብሎኑ ይላላል። ለእያንዳንዱ ጥገና ባለሙያ ለመቅጠር ካምፑ አቅም የለውም። ስለዚህ እንደ ባለቤትዎ ያለ እጀ ወርቅ ሲመጣ እልል ነው። ሰው በሚፈለግበት ቦታ መኖር ይፈልጋል።

እንግዲህ የቤቱን ነገር ከማንሳትዎ በፊት “ቴኔሲ ላይ ከሁሉ የወደድከው ምኑን ነው?” ብለው ይጠይቋቸው። ጠይቀውም ዝም ብለው ይስሙ። መልሱ “እጄ ሥራ አገኘ” ከሆነ ያ ቅርብም ይገኛል። ቤተ ክርስቲያናችሁ የሚጠገን ሕንፃ አያጣም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ቤት የሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲም ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል። መልሱ “ጓደኞቼ” ከሆነ ሌላ ነው። “መንገዱ፣ አዲስ አገር ማየቱ” ከሆነም ሌላ ነው። የሚፈልጉት የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ቤት መሸጥ፣ ራስ ያመመውን ሰው እግሩን ማከም ነው።

ደግሞም ይህ አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ ካልሆነ አይሆንም የሚባል አይደለም። ኖማድስ የሚባሉትን የዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አርቪ ተጓዦች ብንወስድ፣ ሥራቸው በአብዛኛው የሦስት የሦስት ሳምንት ነው፤ በሳምንት አራት ቀን። ልክ እናንተ ቴኔሲ እንደሠራችሁት። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚኖሩ አሉ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ወጥተው ቤታቸው የሚመለሱም አሉ። እነዚህኞቹን ያነሰ አገለገላችሁ የሚላቸው የለም።

ደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ፤ እሱ ላይ ቆም ልበል። የካቢን በሮች ቀለም የቀቡበትን ቀን ጽፈዋል። ስለ ኩሽናው፣ ስለ ቀልዱ፣ ስለ ምጣዱ አማርረዋል፤ ስለዚያ ቀን ግን ምንም አላማረሩም። ምን ነበረው ያ ቀን? ውጭ መሆኑ ነው? ለብቻ መሥራቱ? ወይስ የሠሩት ነገር ማታም ጠዋትም እዚያው መታየቱ? የታጠበ ትሪ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቆሽሻል። ሥራ ቦታ ሰው ሲያነሡ ሲያስተኙ፣ ቤት ገብተው ደግሞ ሲያበስሉ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ሌላ ኩሽና ቢሰለችዎት ምን ይገርማል? ካምፑ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ኩሽና ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል፤ እምቢ የማይል ሰው ደግሞ ቶሎ ይታያል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የበጎ ፈቃደኛውን ቅጽ የሞላው ማን ነበር? ልጆች ያሉበት ካምፕ የእያንዳንዱን አገልጋይ የኋላ ታሪክ ስለሚያጣራ ቅጹ በየስምዎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምን መሥራት እንደሚችሉና እንደሚወዱም ይጠይቃል። ባለቤትዎ ለሁለታችሁም ሞልተውት ከሆነ በእርስዎ በኩል “ምግብ ማብሰል” ብለው ጽፈው ይሆናል፤ እጅዎን ስለሚወዱት። በሚቀጥለው ጊዜ የራስዎን ራስዎ ይሙሉ። ከመሄዳችሁ በፊትም በጎ ፈቃደኞችን ለሚያስተባብረው ሰው ደውለው “በሳምንት አንድ ቀን ኩሽና እረዳለሁ፤ የቀረውን ቀለም ቅብ ወይም ስፌት ስጡኝ” ይበሉ። ነውር የለውም። ከተቻለ ደግሞ ሁለታችሁን አንድ ሥራ ላይ ያድርጓችሁ፤ እሳቸው በሩን ያቃኑ፣ እርስዎ ይቅቡት። አብራችሁ ሄዳችሁ ማታ ላይ ደክማችሁ ብቻ የምትገናኙ ከሆነ አብሮ ማገልገሉ ስሙ ብቻ ነው።

የምጣዱ ነገር ጸሎትም አያስፈልገውም። ብዙ አርቪዎች የሚሰኩት በ30 አምፒር መስመር ነው፤ በጠቅላላው የሚሸከመው 3,600 ዋት ነው። ምጣድ፣ ኤሲና የውሃ ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሆኑበት ብሬከሩ ይወድቃል። መኪናው የሚሰካበት ምሰሶ ላይ ብዙውን ጊዜ ለብቻው የ20 አምፒር ሶኬት አለ። ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ወፍራም የውጭ ኤክስቴንሽን ገዝተው እዚያ ይሰኩት። ቀጭኑን እንዳይሞክሩት፤ ይግላል። ቡናውንም ውጭ ይቁሉት። ሽታው ያለ ጥሪ ጎረቤት ያመጣል። እሳት ዳር እርስዎ የእነሱ እንግዳ ነዎት፤ ሲኒዎ ዳር ግን እነሱ የእርስዎ እንግዳ ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ በቡድን ጫጫታ መሐል ያደክማል እንጂ፣ ከአንዲት ሴት ጋር ለሁለት ሲሆኑ ይቀላል። በቀስታ የምታወራ አንዷን ይፈልጉ።

ቤቱን በተመለከተ አቋሜን አልደብቅዎትም፤ አሁን አይሸጥ። አርቪ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። ሰሜን ቨርጂኒያ ቤቱን ሸጦ የወጣ ጡረተኛ ደግሞ ተመልሶ ልግዛ ቢል አቅሙ አይችል ይሆናል። የአርቪውን ኑሮ ሞክሮ መተው ይቻላል፤ ቤት መሸጥን ግን አይቻልም። ባለቤትዎ በጣም ከገፉ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ማከራየት። የአሜሪካ የግብር ሕግ ባልና ሚስት መኖሪያ ቤታቸውን ሲሸጡ፣ ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2 ዓመት ከኖሩበት፣ ከትርፉ እስከ 500,000 ዶላር ያለውን ግብር አይጠይቅበትም። ስለዚህ እስከ ሦስት ዓመት አከራይታችሁ ብትሸጡም ይህ መብት አብሯችሁ ይቆያል። ኪራዩ ራሱ ግብራችሁ ላይ ምን እንደሚያመጣ ግን አካውንታንት ይጠይቁ። ዋናው ነገር፣ የሚያስቸኩል የለም።

ሌላው ጤና ነው። የሁለታችሁ ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ የትኛው ነው? ኦሪጅናል ሜዲኬር ከሆነ በየትኛውም ግዛት የሚቀበለው ሐኪም ዘንድ ይሠራል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ በአካባቢያችሁ ካሉ ሐኪሞች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቴክሳስ ላይ ድንገተኛ ሕመምን ይሸፍናል እንጂ የዘወትር የደም ግፊት ክትትልን ላይሸፍን ይችላል። ዋናው የመቀየሪያ ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። ከአድቫንቴጅ ወጥቶ ተጨማሪ ኢንሹራንስ መግዛት ደግሞ የጤና ታሪክ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ካርዳችሁን ይዛችሁ አዋቂ ሳታማክሩ አትነካኩት።

መሪውንስ ይዘው ያውቃሉ? ባለቤትዎ 70 ዓመታቸው ነው። መንገድ ላይ ቢታመሙ ያንን መኪና ማን ይነዳዋል? ወደ የትኛውም ካምፕ ከመሄዳችሁ በፊት እሑድ ጠዋት ባዶ የሚሆን ሰፊ ፓርኪንግ ፈልጋችሁ ያስተምሩዎት። ለግል አርቪ ቨርጂኒያ ውስጥ መደበኛው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። የቆሻሻውን ቱቦ መፍታትና ጋዙን መዝጋትም ይልመዱ፤ ጓንት አድርገው። መማር አልፈልግም ካሉ እሱም መልስ ነው፤ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ መኖር ለእርስዎ እንዳልሆነ ይናገራል።

ለመሆኑ መንዳት የሚቆምበትን ቀን ባለቤትዎ አስበውታል? ሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ኤስኬፒስ የሚባል የአርቪ ተጓዦች ማኅበር አለ። አባላቱ ሲያረጁ ወይም ሲታመሙ አርቪያቸውን አቁመው እርዳታ የሚያገኙበት ማዕከል አለው። መንገድን ቤታቸው ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው ይህን አስበውበታል ማለት ነው። ለእናንተ ያ ቀን ሲመጣ የት ነው የምትቆሙት? ለቅሶ የሚደርስላችሁ፣ ሆስፒታል ምሳ ይዞ የሚመጣላችሁ እድርተኛ ያለው የት ነው?

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት አያፍስሱባቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመኪና ውስጥም አይጀምሩት። ቡና አፍልተው፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተው፣ ከደስታቸው ይጀምሩ፤ “ቴኔሲ ላይ እንደዚያ ስትስቅ ማየቴ ደስ ብሎኛል” ይበሉ፤ እውነትም ነውና። ከዚያ የሚፈልጉትን ይንገሯቸው። እኔ ብሆን ይዤ የምቀርበው ይህን ነው፦ ብርዱን ከልጃችን ጋር እንሁን። ኤፕሪል ላይ፣ ካምፖች ለሰመር ከመከፈታቸው በፊት፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ወይም ፔንስልቬኒያ ያለ ካምፕ ሦስት ሳምንት እናገልግል። መከር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ አንተ የመረጥከው ቦታ እንሂድ። ከዓመት በኋላ ስለ ቤቱ እንደገና እንነጋገር። ይህ በር መዝጋት አይደለም።

እምቢ ቢሉ ወይም ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ቢሄድ ወደ ፓስተራችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ተደብቆ መንገር ማሳጣት ሊመስል ይችላል፤ ተያይዞ መሄድ ግን ምክር መጠየቅ ነው። “እኔ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም፣ ና አብረን እንጠይቅ” ይበሏቸው።

ለጓደኞቻችሁ ምን እንበላቸው ላሉት፣ እውነቱን። “ልጃችን ፌብሩዋሪ ላይ ትወልዳለች፤ በዚህ ብርድ መምጣት አንችልም” ቢባሉ አያት የሆኑ አሜሪካውያን አይቀየሙም፤ ምናልባትም ለሕፃኑ ስጦታ ይልካሉ። ካምፑ ግን ቦታ ይዞላችሁ ሥራ መድቦላችሁ ይሆናልና ቶሎ ይነገር፤ ሌላ ሰው እንዲተካ። ስልኩንም እርስዎ አይደውሉ። ቃሉን የሰጡት ባለቤትዎ ናቸው፤ እሳቸው ይደውሉ።